አርባ አንድ የውሃ ደብተር

ኤልፍነሽ ሽፈራው ካናዳ፣ ብሉር መንገድ ላይ ወዳለው ቢሮዬ መጀመሪያ የመጣች ቀን ሁለት ትልልቅ ፌስታል ተሸክማ ነበር። ቢሮ ስል እንዳትስቁ። ከአንድ የሐበሻ ምግብ ቤት በላይ ያለች፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና አንድ ማህተም የሚገኙባት ክፍል ናት። ሃያ ዓመት ሙሉ እዚያ ተቀምጬ የልደት፣ የጋብቻና የትምህርት ማስረጃ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ስመልስ ኖሬአለሁ። ከመልመዴ የተነሳ የሰው ጉዳይ ከፌስታሉ ውፍረት ይገባኛል። ቀጭን ከሆነ ልደት ነው፤ ወፈር ካለ ፍቺ ነው። የሷን ግን መገመት አቃተኝ። ጠረጴዛዬ ላይ የዘረገፈችው የተማሪ ደብተር ነው፤ አርባ አንድ ደብተር፣ በስተጀርባው የማባዣ ሰንጠረዥ የታተመበት ዓይነት።

"ልጅሽ ስንተኛ ክፍል ናት?" አልኳት ለማሾፍ።

"ልጅ የለኝም ጋሽ ዘውዴ። ሥራዬ ነው።"

የመጀመሪያውን ገለጥኩት። አበራሽ የሚል ስም ተጽፎበታል። ከሥሩ፣ "ጥቅምት 12፣ ውሃ መጣ 1:10። ጥቅምት 15፣ ውሃ መጣ 1:15። ጥቅምት 19፣ አልመጣም፣ ዋሹን።" ቀጣዩም ገጽ እንደዚያው ነው፤ የቀጣዩም ቀጣይ።

"ይሄን ሁሉ ልተርጉም?"

"ሁሉንም።"

"ኢሚግሬሽን እኮ ይሄን ሁሉ አያነብም።"

"ካላነበበ ጥፋቱ የሱ ነው። ካልሰጠሁት ግን የኔ ይሆናል" አለችና ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ያኔ አርባ አራት ዓመቷ ነበር። አጠር ያለች፣ ስትናገር ድምጿን የማታነሳ፣ ግን ያለችውን የማታጥፍ ሴት ናት። እንደዚህ ያለ ሰው ቶሎ ያናድደኛል፤ እኔ ራሴ ስናደድ ስለምጮህ ይሆናል።

ኤልፍነሽ የውሃ መሐንዲስ ናት። አዲስ አበባ እያለች ከኮተቤ በላይ ባለ አቀበት ላይ ተመድባ ትሠራ ነበር። ሰፈሩ ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ፣ በሳምንት ሁለት ጠዋት ነው። ከተለቀቀው ውሃ ሲሶው ከቤት ሳይደርስ መሬት ይጠጣዋል። የተሰነጠቀ ቧንቧ የሚፈልግ መሣሪያ በዓለም ላይ ሞልቷል፤ መሬት ላይ ተደፍቶ የሚያፏጨውን ውሃ ያዳምጣል። ግን መሣሪያው የተሠራው ውሃ ቀን ከሌት ከቧንቧ በማይጠፋበት አገር ነው። ባዶ ቧንቧ ደግሞ አያፏጭም።

የሰፈሩ ሰው ግን ይጮሃል። ውሃ ሲመጣ ቀድሞ ያየ ሰው "ውሃ መጣ!" ብሎ በአጥር በኩል ይጣራል፤ ያኛው ለበላዩ ያቀብላል፤ ጥሪው እንዲህ እያለ አቀበቱን ይወጣል። ኤልፍነሽ አንድ ጠዋት መንገድ ዳር ቆማ ይህን ስትሰማ ጥሪው አንድ ቦታ ሲደርስ ዝም እንደሚል አስተዋለች። ከሰባተኛው ቤት ወደ ስምንተኛው ለመሻገር ሃያ ደቂቃ ፈጀ። በሚቀጥለው ፈረቃ ስትመጣም እዚያው ቦታ ላይ ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ውሃው እዚያ ጋ ጉድጓድ እየሞላ ነው ማለት ነው። ለአርባ አንድ እናቶች ደብተርና እርሳስ አደለች። ቧንቧቸው ውሃ መትፋት የጀመረበትን ሰዓት እንዲጽፉ ብቻ ጠየቀቻቸው። በስምንት ወር ውስጥ አሥራ አንድ የተሰበረ ቦታ አገኘች፤ አንዱ ከአስፋልት ሥር ነበር። ያለምንም መሣሪያ። ይህን ስትነግረኝ አፌን ከፍቼ ነው የሰማኋት፤ አልዋሽም።

በፈረንጆቹ 2011 በሠለጠነ ባለሙያነት ነጥብ ተቆጥሮላት ካናዳ ገባች። ነጥቡ የተቆጠረላት መሐንዲስ በመሆኗ ነው። ከገባች በኋላ ግን እዚህ መሐንዲስ ለመባል እዚሁ ፈቃድ ባለው መሐንዲስ ሥር አንድ ዓመት መሥራት አለብሽ ተባለች። ሥራ ስትጠይቅ ደግሞ ቀጣሪዎቹ ፈቃድሽ የታለ አሏት። ይህን ታሪክ ብሉር ላይ ከሚያልፈው ሐበሻ ግማሹ ሊያወራችሁ ስለሚችል አላስረዝመውም። ዌስተን ውስጥ አንድ የመስኮት ፋብሪካ ገባች። መስታወቱን በጣቷ ጫፍ መታ መታ እያደረገች ድምፁን ሰምታ ስንጥቅ ያለበትን ትለያለች። አለቃዋ "ጆሮ" እያለ ነው የሚጠራት። እኔ ደግሞ እንደ አገሬ ደንብ "ኢንጂነር" ስላት ሁልጊዜ ትቆጣኛለች።

"በዚህ ስም አይጥሩኝ ጋሽ ዘውዴ። ያለ ፈቃድ መጠሪያ ማድረግ እዚህ አገር ያስቀጣል።"

"ቢሮዬ ውስጥ የአገሬ ሕግ ነው የሚሠራው።"

"እኔ ግን ከቢሮዎ እወጣለሁ" ትለኛለች።

በ2016 ከወደ አሜሪካ ደብዳቤ መጣላት። ጸሐፊው ሚስተር ዶይል የሚባሉ፣ የትንንሽ ከተሞች የውሃ ድርጅቶች ማኅበርን የሚመሩ ሽማግሌ ናቸው። ስለ ኮተቤው ሥራ ድሮ ያሳተመችውን ሪፖርት አንብበዋል። የእኛ ከተሞች ቧንቧ መቶ ዓመት አልፎታል፣ በብርዱ ወራት ሲሰበር ውሃውን ዘግተን መልሰን እንከፍታለን፣ ብዙዎቹ ጋ ያሉት ሁለት ሠራተኞች ብቻ ናቸው፣ የማዳመጫ መሣሪያ የመግዛት አቅም የላቸውም፤ ያንቺ ዘዴ ይጠቅመናል ብለው ጻፉ። ቀጣሪ ሳይኖራት፣ ሥራዋ ለአሜሪካ አገራዊ ፋይዳ እንዳለው ማስረዳት ከቻለች በራሷ ስም ማመልከት እንደምትችል የነገረቻት ደግሞ ዮዳሄ ናት። ዮዳሄ እዚሁ ያደገች፣ ኤግሊንተን ዌስት ላይ ቢሮ ያላት የአሜሪካ ኢሚግሬሽን ጠበቃ ናት። ኤልፍነሽ አምስት ዓመት ሙሉ መስታወት ስትመታ ኖራ ወደ ሙያዋ የሚመልስ አንድ በር ተከፈተላት። ሌላ በር እንደሌለም ታውቃለች።

ዮዳሄ ደብተሮቹን ከመጀመሪያው አልወደደቻቸውም።

"ኤልፍዬ፣ ኦፊሰሩ ለአንድ ኬዝ ያለው ታይም ትንሽ ነው። ደብተሮቹን ስኪፕ እናድርጋቸው። ሪፖርትሽንና የሚስተር ዶይልን ሌተር ብንልክ ኢነፍ ነው።"

"ሪፖርቱ ከምን የመጣ ይመስልሻል?" አለች ኤልፍነሽ።

እኔም ተቀብዬ ሁለት ወር ተረጎምኩ። ጥንቃቄዬን ማውራት እወዳለሁ፤ ቀኑን ሁሉ ከእኛ ዘመን አቆጣጠር ወደ ፈረንጆቹ መለስኩ፣ ጳጉሜን እንኳ አልሳትኩም። "ዋሹን" የሚለውንም በሥርዓቱ አሰፈርኩት። በመጨረሻ "ሙሉና ትክክለኛ ትርጉም መሆኑን አረጋግጣለሁ" ብዬ ፈረምኩና ማህተሜን አሳረፍኩበት። ኤልፍነሽ ገጽ በገጽ አንብባ አንድም ስህተት አላገኘችበትም። በ2017 መጸው ላይ ማመልከቻው ተላከ።

የምትሄድበት የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ ስለ ቪዛ ነው የሚጸልየው። እሷም የጸሎት ርዕስ ስትጠየቅ ተነሥታ፣ "ቪዛ እንዲሰጡኝ ሳይሆን የጻፍኩትን እንዲያነቡ ጸልዩልኝ" አለች አሉ። አንዳንዱ ትዕቢት ነው ብሎ አጉረመረመባት። እኔ ብኖር አጨበጭብላት ነበር።

አነበቡላት። ጸሎቱ እንዲህ ይሠራል ብሎ ማን ጠበቀ? በሚያዝያ ወር ዮዳሄ ሁለታችንንም ጠራችን። ኤግሊንተን ያኔ ለባቡሩ ተቆፍሮ መንገድ አይመስልም ነበር፤ የቢሮዋ መስኮት አስፋልት በሚሰብረው የሞተር መሮ ድምፅ ይንቀጠቀጣል። ጠረጴዛዋ ላይ ስድስት ገጽ ደብዳቤ ነበር። የተጨማሪ ማስረጃ ጥያቄ ነው። ሰማንያ ሰባት ቀን ሰጥተዋታል።

"ሁለት ፕሮብሌም አለ" አለች ዮዳሄ። "አንደኛው፣ ሥራው የጠቀመው አንድ ሰፈር ነው፣ ናሽናል ኢምፖርታንሱ አልታየንም ይላሉ። እሱን ፋይት እናደርገዋለን። ሁለተኛው ይከፋል። ሪፖርቱ ላይ ውሃው የመጀመሪያው ቤት የደረሰው 7:10 ነው ይላል። የደብተሩ ትራንስሌሽን 1:10 ይላል። ሁሉም እንደዛ ነው። ዳታው ከሪፖርቱ ጋር አይገጥምም፣ ስለዚህ ሜተዱን አናምነውም ነው የሚሉት።"

የትርጉሙን ቅጂ ስቤ አየሁ። ቀኑን ለውጫለሁ፤ ወሩን ለውጫለሁ፤ ዓመተ ምህረቱን ለውጫለሁ። ሰዓቱን እንዳለ ትቼዋለሁ። የልደት ወረቀት ላይ ሰዓት አይጻፍም፤ በሃያ ዓመቴ ሰዓት ተርጉሜ አላውቅም። የአበራሽ አንድ ሰዓት ከአሥር የፈረንጅ ሰባት ሰዓት ከአሥር መሆኑን እኔ አጥቼው አይደለም። 1:10 የሚለውን ሳይ ጠዋት ጠዋት ሸተተኝና አለፍኩት።

"እኔም አንብቤዋለሁ" አለች ኤልፍነሽ ቀስ ብላ። "ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ትክክል ነው ብዬ ነው ያለፍኩት።"

ሁለታችንም ዓይናችን ሐበሻ ነው። እንግሊዝኛው መሀል የተቀመጠውን ቁጥር በአማርኛ አነበብነው። እኔ በፈረምኩት እሷ ተጠየቀች፤ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው። አፈርኩ። በዚህ ዕድሜዬ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

"በቃ አርመን እንልካለን" አልኩ። "ስህተቱ የኔ ነው ብዬ እፈርማለሁ።"

"ጋሽ ዘውዴ፣ ሶሪ፣ ግን ከኦፊሰሩ ሳይድ ያስቡት" አለች ዮዳሄ። "ኢንኮንሲስተንት ነው፣ አይገጥምም ብሏቸው በወሩ ሁሉም ቁጥር በስድስት ሰዓት ተስተካክሎ ሲመጣ ምን ይላል? ፌክ አደረጉት ነው የሚለው። ፍሮድ ካሉ ደግሞ ሁልጊዜ ሪከርዷ ላይ ይኖራል። የኔ አድቫይስ፣ ደብተሮቹን ዊዝድሮው እናድርጋቸው። በጽሑፏና በሌተሮቹ እንከራከር።"

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። የፈረምኩበት ወረቀት እየለቀቀኝ አልነበረም። እኔም በሆዴ ዮዳሄ ልክ ናት አልኩ። ኤልፍነሽን ግን ሳያት ፊቷ ጠቁሯል።

"ስንት ደቂቃ ነው?" አለች።

"ምኑ?"

"ከ1:10 እስከ 1:55።"

"አርባ አምስት" አለች ዮዳሄ።

"ከ7:10 እስከ 7:55ስ?"

ዮዳሄ ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ ቀነሰች።

"እኔ የለካሁት ከቤት ቤት ያለውን መዘግየት ነው። የፈለጋችሁትን ሰዓት አቆጣጠር አምጡ፣ መዘግየቱ አይለወጥም። ስህተቱ የሰዓት ነው፤ የውሃው አይደለም።" ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿ ከፍ ሲል ሰማሁ። "እነዚያ ሴቶች ባልዲ ተሸክመው፣ ልጅ አዝለው ነው የጻፉት። የኔን ስም ለማትረፍ ብዬ እነሱን ከፋይል አላወጣም። አውጪ ካላችሁኝ ማመልከቻውንም አውጡት።"

ውጭ መሮው ይጮሃል።

በዚያው ሰሞን ነው የኤልፍነሽ መኖሪያ ሕንጻ በውሃ የተቸገረው። ዌስተን ውስጥ አሥራ ሰባት ፎቅ ያለው የድሮ የኪራይ ሕንጻ ነው፤ እሷ አሥራ ሁለተኛው ላይ ትኖራለች። ለጥገና ተብሎ በሳምንት ሁለት ቀን ጠዋት ውሃ እየተዘጋ ከሰዓት ይከፈት ጀመር። በምሥራቅ በኩል ያሉት ቤቶች ዓመታትን ያስቆጠረ አቤቱታ አላቸው፤ ውሃቸው ቀጭን ነው። አስተዳደሩ መግቢያው ላይ ማስታወቂያ ለጠፈ፦ ምሥራቅ ክንፍ ያላችሁ ተከራዮች ውሃ አታባክኑ ይላል።

ኤልፍነሽ ማስታወቂያውን ፎቶ አነሳችው። ከዚያ ሠላሳ ደብተር ገዝታ ከሁለተኛው ፎቅ ጀምራ በር እያንኳኳች በሁለቱም ክንፍ አደለች። ጃማይካዊው፣ ፊሊፒናዊቷ፣ ጋናዊው፣ ከጎረቤቷ ከቺሌያዊቷ ባልቴት ጋር ሆነው ቧንቧቸው ውሃ መትፋት የጀመረበትን ሰዓት ጻፉ። አንድ ሰውዬ ብቻ "የሕንጻው ሠራተኛ ነሽ?" ብሎ ጠየቃት። "አይደለሁም፣ ውሃ ጠፍቶብኝ ነው" አለችው። ወሰደ።

ሦስት ሳምንት ሲሞላ ደብተሩን ሰበሰበች። እስከ አራተኛው ፎቅ ድረስ ምሥራቁም ምዕራቡም እኩል ነው ውሃ የሚያገኘው። ከአምስተኛው ጀምሮ ምሥራቁ በሃያ ሦስት ደቂቃ ይዘገያል። በስድስቱም ቀን እንደዚያው ነው። አንድ ደብተር ብቻ ከሁሉም ተለየ። ሌሎቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ከሰዓት ሦስት ተኩል ገደማ ብለው ሲጽፉ የዘጠነኛው ፎቅ ደብተር "9:31" ይላል።

በማግስቱ የደብተሩን ባለቤት ይዛ ቢሮዬ መጣች። ሀፍሳ ትባላለች፤ የሞምባሳ ሴት ናት፣ ስልሳ የሚሆናት፣ ደርበብ ያለች።

"ጋሽ ዘውዴ፣ ይጠይቋት" አለችኝ ኤልፍነሽ። ዓይኗ ያበራል። "ዘጠኝ ሰዓት ለምን እንዳለች ይጠይቋት።"

ጠየቅኋት። ሀፍሳ እንደ ሞኝ አየችኝ። "ፀሐይ ከወጣች ዘጠኝ ሰዓት ሆኗት ነዋ" አለች በእንግሊዝኛ። "እኛ በስዋሂሊ የምንቆጥረው እንደዚያ ነው። ሰው ቀኑን መሀል ሌሊት ላይ ይጀምራል እንዴ?"

ከወንበሬ ተነሥቼ እጇን ጨበጥኩ። እንደ እኛ የሚቆጥር ሌላ ሕዝብ እንዳለ በጨረፍታ ሰምቼ ነበር፤ ግን እንደዚያ ቀን ጠቅሞኝ አያውቅም። እዚያው ተቀምጣ የምስክርነት ቃሏን ሰጠች። እኔም የራሴን ጻፍኩ። ዘወር ዘወር አላልኩም፤ ሰዓቱን ያልመለስኩት እኔ ነኝ፣ ምክንያቱም ይሄ ነው፣ የደብተሮቹ ዋና ቅጂ ተያይዟል፣ አማርኛ የሚያውቅ ሰው አምጡና አስነብቡ አልኩ። ማህተሜን ሳሳርፍ ጠረጴዛው ጮኸ።

የሕንጻው አስተዳደር ግን ያገኘችውን ስታቀርብለት አልሰማትም። ፈቃድ ያለው ሰው ያጣራው ጥናት ካልሆነ አንቀበልም አሏት። ኤልፍነሽ ደብተሮቹን መግቢያው ላይ፣ ከማስታወቂያው ሥር፣ በገመድ አንጠለጠለቻቸው። ከላይ፣ "አምስተኛው ፎቅ፣ ቆሻሻ መጣያ ክፍሉ ጀርባ" ብላ ጻፈች፤ የምሥራቁ ቧንቧ ወደ ላይ የሚወጣው በዚያ ነው። ተከራዩ ሲገባ ሲወጣ ያነባል። አራት ቀን አልፈጀም፤ ሰዉ ተሰብስቦ ሥራ አስኪያጁ በር ላይ ቆመ። ግድግዳው ተከፈተ። የዛገ ቧንቧ ከወገቡ ተሰንጥቆ ውሃው በግድግዳው ውስጥ ወደ መኪና ማቆሚያው ሲወርድ ኖሯል። ስንት ዓመት እንደፈሰሰ እግዜር ይወቅ። ማስታወቂያው በዚያው ዕለት ተነሣ፤ ይቅርታ ያለ ግን የለም። ለመሳደብ ዌስተን ድረስ ልሄድ ነበር፣ ኤልፍነሽ ከለከለችኝ።

"ባት ይሄ እኮ ካናዳ ነው" አለች ዮዳሄ ይህን ሁሉ ስትሰማ። "እኛ የምንከራከረው ስለ አሜሪካ ነው።"

"ቧንቧ ፓስፖርት አለው?" አለች ኤልፍነሽ።

ዮዳሄ ሳቀች። ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው። ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ መሥራት ጀመረች፤ እውነቱን ለመናገር ጎበዝ ልጅ ናት። ሚስተር ዶይል በበኩላቸው ዘዴውን በአንዲት ከተማቸው ሞከሩት፤ የቤተ ክርስቲያን እናቶች ሰዓት ጻፉ፣ ሁለት ስብራት ተገኘ። ደብዳቤያቸው ከነሠንጠረዡ መጣ። ዮዳሄ የመልሱን ዋና ጽሑፍ በትልልቅ ቃላት አሳምራ አረቀቀችና ለኤልፍነሽ ሰጠቻት። ኤልፍነሽ ግማሹን ሰርዛ በራሷ እጅ አንድ አንቀጽ ጨመረች። ቅጂው እኔ ጋ ስላለ ወደ አማርኛ መልሼ ልንገራችሁ።

"ሥራዬ የጠቀመው አንድ ሰፈር ነው ብላችኋል። እውነት ነው። ውሃ የሚጠፋው ሁልጊዜ አንድ ሰፈር ላይ ነው። አገር ላይ የተሰበረ ቧንቧ አይቼ አላውቅም፤ ያየሁት ሁሉ የአንድ ሰው ደጅ ላይ ነው። መሣሪያ የሌለው ሰፈር በአገራችሁ ስንት እንደሆነ ከሚስተር ዶይል ሠንጠረዥ ቁጠሩ። ሰዓት ማየት የሚችል ሰው የሌለበት ሰፈር ግን የለም። የማመለክተው ይህን ሥራ ለመሥራት ነው።"

ዮዳሄ አንብባ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ቶኑ ትንሽ... ቢለሰልስ" አለች።

"አይለሰልስም።"

"ኦኬ" አለችና ፋይል አድርጋ ላከችው። ሰማንያ አንደኛው ቀን ላይ ነበር።

ክረምቱን ሙሉ መስታወቷን እየመታች ቆየች። እኔ ነኝ እንቅልፍ ያጣሁት። ስልክ በደወለ ቁጥር እሷ ትመስለኛለች፤ ደንበኛ ልደት ሊያስተረጉም ሲመጣ የተወለደበትን ሰዓት እጠይቀው ጀመር። በጥቅምት መጨረሻ አንድ ቅዳሜ በሩን ሳታንኳኳ ገባችና አንድ ገጽ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች። ጸድቋል።

ገልብጬ ኋላውን አየሁት። ባዶ ነው። ያን ሁሉ ጠይቀው፣ ያን ሁሉ አስጽፈው፣ እንኳን ደስ ያለሽ የሚል ቃል እንኳ የለበትም። አንድ መስመር ላይ ብቻ፣ በተቆራረጡ ቃላት፣ ከፍተኛ ትምህርት ወይም ልዩ ችሎታ ያለው ግለሰብ፣ ለአገር ጥቅም ይላል።

"ይሄው ነው?" አልኩ ተናድጄ።

"ይበቃል። አማርኛ ያድርጉልኝና አርባ አንድ ኮፒ እንሥራ። ለሴቶቹ ልልከው ነው። ሁለቱ አርፈዋል፤ የነሱ ለልጆቻቸው ይድረስ።"

በሃያ ዓመት ሥራዬ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ስተረጉም የመጀመሪያዬ ነበር። ቃል አልጨመርኩም፣ መሐላ አለብኝ። የተቆራረጡትን ቃላት ግን አንድ በአንድ ሙሉ አድርጌ ጻፍኳቸው። ከፊርማዬ ሥር ቀኑን ጻፍኩና ሰዓቱንም ጨመርኩበት፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ያውም በእኛ አቆጣጠር።

ከዚያ ኤልፍነሽ አዲስ አበባ ደወለች። ያነሱት ወይዘሮ አበራሽ ናቸው፣ የመጀመሪያው ደብተር ባለቤት፣ ከአቀበቱ ግርጌ የሚኖሩት። ስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወረቀቱን አነበብኩላቸው። እንደ ዳኛ አዳመጡኝ።

"እሰይ ልጄ" አሉ ስጨርስ። "አሁን ከተገናኘን አይቀር ደብተር ላኪልኝ። ይሄኛው ሊያልቅ ነው።"

"የቱ ደብተር እትዬ አበራሽ?"

"የውሃው ነዋ። ሰባተኛው።"

ኤልፍነሽ አየችኝ። ከሰፈሩ ከወጣች ስምንት ዓመት ሊሆናት ነው።

"እስከዛሬ ይጽፋሉ?"

"ማን አቁሚ አለኝ?" አሉ አበራሽ፣ ተቆጥተው።

ኤልፍነሽ አፏን በእጇ ያዘች። ልታለቅስ ነው ብዬ መሀረብ ፈለግሁ። አላለቀሰችም።

"ዛሬ ስንት ሰዓት መጣ?"

"ጠዋት አንድ ሰዓት ከአርባ። ዘንድሮ ሰንፏል፤ ከመስከረም ወዲህ እንደዚህ ነው።"

"አንድ ከአርባ?" ተነሥታ ቆመች። "ድሮ አንድ ከአሥር ነበር። ከርስዎ በታች የተቆፈረ ነገር አለ?"

"ድልድዩ ጋ ፎቅ ይሠራሉ። መሬቱን ገልብጠውታል።"

"እዚያ ጋ ተሰብሯል። ሰኞ ደብተሩን ይዘው ውሃ መሥሪያ ቤት ይሂዱና ድልድዩ ጋ ቆፍሩ ይበሏቸው።"

"ማን አለ ልበላቸው?"

ኤልፍነሽ አንዴ ወደ እኔ ዞር አለች፤ ከዚያ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች።

"ኢንጂነር ኤልፍነሽ አለች ይበሏቸው።"

እስክሪብቶዬን ከፊቴ አንሥታ ከአርባ አንዱ ኮፒ አንዱን ገለበጠችና ጀርባው ላይ ጻፈች። ውሃ መጣ፣ 1:40። ሰባት ሰዓት ከአርባ ብዬ አልመለስኩትም።